በይሉኝታ የገባች ኳስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር የክለባችን ፕሬዚዳንት፣ አሰልጣኞች፣ አብረን የለፋን ባልደረቦቼ፤

ይህን አዳራሽ ለእኔ ብላችሁ ያሰናዳችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ጠዋት ወንበር ስትደረድሩ ደርሼ ነበር። ላግዛችሁ ብል «አንተ ዛሬ ተቀመጥ» አላችሁኝ። ለመቀመጥ በቂ ልምድ እንዳለኝ ስለምታውቁ ይመስለኛል።

የምናገረውን በወረቀት ጽፌ ነው የመጣሁት። ጮክ ብዬ አንብቤ ሰዓቱንም ለክቼው ነበር። አሁን ግን ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ይቆይ። ምክንያቱን ሁላችሁም አይታችኋል። ክቡር ፕሬዚዳንታችን ቀድመውኝ ተናገሩ፤ አመሰገኑኝ፣ ስጦታውን ሰጡኝ፣ እኔም እጅ ነሣሁ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ስል፣ ማይኩን ሳይለቁ «እስቲ በሁላችሁም ፊት ልለምነው፤ አንድ ዓመት ብቻ ይጨምርልን!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔ ወዲያው የተመለከትኩት ባለቤቴን ነው። ዛሬ ጠዋት ከልጃችን ጋር በአውቶብስ መጥታ፣ ይኸው እዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እሷም አጨበጨበች።

ጭብጨባን በሙያዬ እለየዋለሁ። የደስታ ጭብጨባ አለ። የይሉኝታ ጭብጨባ አለ። «ምነው ቶሎ በወጣልን» የሚል ጭብጨባም አለ፤ እሱንም ቀምሼዋለሁ። የባለቤቴ ግን ከእነዚህ ከአንዱም አይደለም። «ይኸው፣ እንደ ለመድነው» የሚል ጭብጨባ ነበር።

ስለዚህ ጌታዬ፣ የጠየቁኝ እርስዎ ቢሆኑም መልሱን የሚጠብቀው ሰው ከአንድ በላይ ነው። እመልሳለሁ። ነገር ግን ነገርን ከጫፉ ይዞ መጎተት አልወድም። በተራ ልሂድ፤ ታገሡኝ።

በመጀመሪያ የምትለምኑት ሰው ማን እንደሆነ እንስማማ። ኑሮዬን በቅርጫት ኳስ ስገፋ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ኮከብ ሆኜ አላውቅም። በቡድን ፎቶ ላይ እንኳ ረጅም ስለሆንኩ ከኋላ ነው የምቆመው፤ ያውም ግማሹን ጊዜ ጭንቅላቴ ተቆርጦ። የተጫወትኩባቸውን ክለቦች ልዘርዝር ብል አውቶብሱ ያመልጠናል። አንዱ ክለብ አንድ ዓመት ያቆየኛል፣ ሌላው ሁለት፤ ሦስት ዓመት የቆየሁበት ከተገኘ እዚያ እንደ ተወላጅ እቆጠር ነበር። ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች መካከል የምገኘው ሰው ሲታመም፣ ሰው ሲቀጣ ወይም ሰው ሲያገባ ነው።

«ስኮርታ» የምትሉኝን ስም ያወጣልኝ እዚያ ጥግ የሚስቀው ሾፌራችን ነው። እዚህ በገባሁ ሰሞን ለጨዋታ ስንሄድ ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ወረድን። እሱ ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ ከአውቶብሱ ሆድ እየጎተተ ቀና ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። «አንተ ረጅሙ፣ ና እስቲ፤ ወንድምህን ያዝልኝ!» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ባወጣችልኝ ስም የጠራኝ የለም።

መጀመሪያ ከፋኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ስድብ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ስኮርታ ከሌሎቹ ጎማዎች እኩል ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ይጓዛል፤ መሬት ግን አይነካም። ያለበት ግዴታ አንድ ነው፤ በተፈለገ ጊዜ ነፋስ ይዞ መገኘት። «ስኮርታ ከሌለህ ቀስ ብለህ ትነዳለህ» አለኝ ሾፌራችን አንድ ቀን። «የተነፈሰ ስኮርታ ይዘህ ከሄድክ ግን ጉድ ሆንክ። አለኝ ብለህ ታምነዋለሃ!»

ነፋስ ይዞ መቆየት ሥራ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ልብ ይሰለቻል፣ ጎንህ ያለው ሰው ስለ እራት ያወራል። እኔ በዚያ መካከል ዓይኔን ከኳሷ አንሥቼ የምተካው ተጫዋች ተረከዝ ላይ አደርግ ነበር። ሰው ሲደክመው ተረከዙ መሬት ላይ መክበድ ይጀምራል። ያን ጊዜ ጃኬቴን አወልቅና እነሣለሁ። አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ሰሞን «ጋሼ፣ ማን ተነሥ አለህ?» ሲለኝ «ተረከዙ» አልኩት። «በል እንግዲያው ተረከዙ ያሰልጥን፣ እኔ ልቀመጥ!» አለኝ። አሰልጣኛችን በዕድሜ ታናሼ ነው፤ «ጋሼ» የሚለኝ ለዚህ ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ማሊያችንን የሚያጥቡልን እትዬም እዚህ አሉ። አንድ ቀን «ከሁላችሁም የአንተን ማሊያ ማጠብ ነው ደስ የሚለኝ» አሉኝ። «ምነው እትዬ?» ብላቸው፣ «ቆሽሾ አያውቅማ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሜዳ በገባሁ ቁጥር አንድ ጊዜ ሆን ብዬ እወድቃለሁ።

አንድ ጨዋታ ላይ ደግሞ፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሁለት ሰው በጥፋት ወጥቶብን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተጫወትኩ። አንድ ነጥብ አላስቆጠርኩም። የእነሱን ረጅም ሰው ከቅርጫታችን ሥር እየገፋሁ ማስወጣት ብቻ ነበር ሥራዬ፤ አሸነፍን። አምበላችን መልበሻ ክፍል ውስጥ ትከሻዬን መታ አደረገና «ዛሬ አንተ ባትኖር ኖሮ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ «ባልኖርስ?» አልኩት። «ሌላ ሰው ይኖር ነበር» አለኝ። ቀልዱን ነው። ግን ልክ ነበር።

አዲስ ክለብ ስትገባ ቁጥር አትመርጥም፤ የተረፈውን ትለብሳለህ። ከሻወሩ በር አጠገብ ያለው፣ ወጪና ወራጁ ውኃ የሚረጭበት መስቀያ ያንተ ነው። ምልክትም ከሀ ሁ ትማራለህ። አንዱ ክለብ ጋ አሰልጣኙ ጡጫ ሲያሳይ «ወደ ቀኝ ሩጥ» ማለት ነው። ሌላው ጋ «ቆመህ ጠብቅ» ማለት ነው። ሦስተኛው ጋ አሰልጣኙ ተናዶ ነው። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ጡጫውን አንሥቶ ከሾፌሩ ጋር ሲከራከር፣ እኔ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩና ጣሪያው ግንባሬን አለኝ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እኔም ብዙ ቦታ በልቼ ብዙ ቦታ ጮኼአለሁ፤ በዚህ አላፍርም። ችግሩ ጆሮ ነው። ማሊያ በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ጆሮ ግን ይዘገያል። የማነሣውን ያወቃችሁ መሳቅ ጀምራችኋል። ሳቁ፤ እኔ ላላዩት ልንገራቸው።

ከመጣሁበት ክለብ ጋር እዚህ ሜዳችን ላይ ስንጫወት ነው። እዚያ «ነጎድጓድ» የምንለው ተጫዋች ነበር። አብረን በተጫወትንባቸው ዓመታት «ወንድሜ፣ በግራህ!» ካለኝ ዞር ብዬ ሳላይ ኳሷን በግራዬ እሰድለታለሁ፤ አንድም ቀን ስቼው አላውቅም። ያን ዕለት ነጥቡ እኩል ነው። ከቅርጫታችን ሥር ኳሷን ነጥቄ ልዞር ስል «ወንድሜ፣ በግራህ!» የሚል ሰማሁ። ሰደድኩለት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ ካቀበልኳቸው ኳሶች ሁሉ ያማረችው እሷ ናት። ነጎድጓድ አስቆጠረና በአጠገቤ ሲያልፍ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፤ ሄደህም አልረሳኸንም!» አለኝ። አሰልጣኛችን ጭንቅላቱን ይዞ «ጋሼ፣ ለማን ነው የምትጫወተው?» ብሎ ጮኸ።

በዚያው ሳምንት ቤት ደወልኩ። ስልኩ ሲነሣ «ሄሎ» የሚል ሰማሁና፣ ባለቤቴ መስላኝ «አንቺ፣ እንዴት ዋልሽ?» አልኩ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ። ልጄ ናት። ድምፅዋ በስሎ የእናቷን መስሏል፤ እኔ የማውቀው የዱሮውን ነው። ነጎድጓድን ግን በዚያ ሁሉ የቲፎዞ ጩኸት መሀል ለይቼው ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ ደክሞኛል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ የሆነውን ነው የምናገረው። የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ሁሉ ለሌላ ሰው ቁመት የተሠራ ነው፤ ግርጌው ላይ ወንበር ቀጥዬ እግሬን እዚያ እያሳረፍኩ ወጣትነቴን ጨረስኩ። ጠዋት ስነቃ የመጀመሪያው ሥራዬ ያለሁበትን ከተማ ማስታወስ ነው። ሁለተኛው ጉልበቴን ማግባባት ነው፤ «ተው፣ ዛሬን ብቻ» እለዋለሁ። እንደ ልጅ ነው፤ ካላባበሉት አይነሣም።

ቋንቋችን ቁጥብ ነው። መገጣጠሚያውንም አቅሙንም በአንድ ቃል «ጉልበት» ይለዋል። በቅርቡ ወጌሻችን እግሬን ሲያሽልኝ ቆይቶ «ጉልበትህ አልቋል» አለኝ። «የትኛው?» አልኩት፤ ቀኙ ነው ግራው ማለቴ ነበር። እሱ ግን ቅባቱን እየከደነ «በሁለቱም ትርጉም» አለኝ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ «አንድ ዓመት ብቻ» የሚለውን ነገር ዛሬ እርስዎ አልጀመሩትም። የእኔ ቃል ነው። ውል ባለቀና ሌላ ክለብ በደወለ ቁጥር፣ ገበታ ላይ ቁጭ ብዬ ለባለቤቴ የምላት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ «እሺ፣ አንተ ካልክ» ትለኝ ነበር። ቀጥሎ «እሺ» ብቻ ሆነ። ባለፈው ዓመት አፌን ሳልከፍት ሸሚዞቼን መተኮስ ጀመረች።

ዕረፍት ደርሶ ቤት ስገባ ደግሞ ልርዳ እላለሁ። ሳህን ላጥብ ስል፣ ዘንቢል ልቀበል ስል፣ «ተው አንተ ዕረፍ፤ መንገደኛ ነህ» ትለኛለች። ከፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ስኳር የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው በገዛ ቤቱ ምን ይባላል? አንድ ቀን የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሁሉ እየከፈትኩ ስፈልግ ልጄ ከኋላዬ መጣች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ጎንበስ ብላ «ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን። እንግዳ ወርቅ የሚሆነው ለመጀመሪያው ቀን ነው ይባላል፤ እኔ ዓመት ከዓመት ወርቅ ሆኜ ቀረሁ። ወርቅ ደግሞ ተጠቅልሎ ይቀመጣል እንጂ ውኃ አይቀዳበትም።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ቃል ልመለስ። «ጋሼ» ወደምትለው።

ከሜዳችን ውጪ ያደረግነው የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ነው። ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ስንጠብቅ፣ ከተቃራኒው ቡድን አንድ እንደ ግንድ የደነደነ ወጣት በክርኑ ጎኔን አለኝና መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ዳኛው አላየም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚባለውን ታውቃላችሁ። «ተነሥ እንጂ፣ መኝታ ቤት መሰለህ?» ይባላል። «ስኮርታው ተነፈሰ!» ይባላል። ይህን ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ፤ የሥራው ቅመም ነው። ይህኛው ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አነሣኝና «ውይ! ይቅርታ ጋሼ፤ ተጎዱ እንዴ?» አለኝ።

«ተጎዳህ» አላለም። «ተጎዱ» ነው ያለው። ሰዋስዉን ልብ በሉልኝ። ሜዳ ላይ አንቱ ተባልኩ! ስንት ዓመት ስሰደብ ኖሬ እንደዚያ ያመመኝ ስድብ የለም።

«ደህና ነኝ» አልኩት። ጨዋታው ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ኳስ እጄ ገባች፤ ከፊቴ የቆመው እሱ ራሱ ነው። በትከሻዬ ገፋሁት። ሊመልሰኝ ይችል ነበር። ዘሎ ኳሷን ከእጄ ላይ ሊያነሣት ይችል ነበር፤ ሲዘል አይቼዋለሁ። ግን በር ላይ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ትንሽ ወደ ጎን አለልኝ። ኳሷ ገባች። ተቀያሪ ወንበር ላይ የነበራችሁት ፎጣ እያወዛወዛችሁ ጨፈራችሁ። ሰሌዳውም ቆጠረልኝ። ሰሌዳ ይሉኝታን አይለይም። እኔ ግን እለያለሁ።

ወደ መሀል ሜዳ ስመለስ ብዙ ነገር ተገጣጠመልኝ። አሰልጣኛችን፣ አንተም እኮ በዚህ ዓመት እኔ ላይ መጮኽ ትተሃል። ሌላው ኳስ ሲያበላሽ ጣሪያው እስኪነሣ ትጮኻለህ። እኔ ሳበላሽ «አይዞህ ጋሼ» ትለኛለህ። ስለ ፍቅርህ አመሰግናለሁ። ግን የማይጮኽበት ተጫዋች ምን ዓይነት ተጫዋች ነው? በሜዳ ጋሼ፣ በቤት እንግዳ። ሁለቱም ቦታ ተከብሬአለሁ፤ ሁለቱም ቦታ ሥራ ፈትቻለሁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ስላከበሩኝ እጅ እነሣለሁ፤ ግን አይሆንም። አንድ ዓመት ብጨምር ወጣቶቹ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ይለቁልኛል። እናንተ ታጨበጭባላችሁ። እኔም ቀስ በቀስ ጉልበቴ የተመለሰ እየመሰለኝ እሄዳለሁ። ያን ሰው መሆን አልፈልግም። ወንበሩን ነፋስ ላለው ስጡት።

አሁን ደግሞ ፍቀዱልኝና፣ እዚያ መስኮቱ ሥር ላለች ሰው አንድ ጥያቄ አለኝ። ቤት ብጠይቃት «መጀመሪያ ዕረፍ» ትለኛለች። እዚህ ትመልስልኝ። ጌታዬ፣ እርስዎ በሁሉ ፊት ጠየቁኝ አይደል? ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

አንቺ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ቤቱን ያለ እኔ አቁመሽዋል። ቦታው ሁሉ ተይዟል፤ የስኳሩም፣ የቁልፉም፣ የልጅቷ ትምህርት ቤት ስብሰባም። ልቀቂልኝ አልልሽም። በአንድ ቀን ቋሚ ተሰላፊ ልሁን ብልሽ ሐሰት ነው፤ ችሎታውም የለኝም። ከወንበር ነው የምጀምረው፤ እሱን እችልበታለሁ። ግን «ዕረፍ፣ መንገደኛ ነህ» አትበይኝ። እዘዢኝ። ሳበላሽም ጩኺብኝ። አለ ወይስ የለም፣ የምታዢኝ ነገር?

ፊቷን ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን ሌላ፣ ከዚህ አይለይም።

ምን አልሽ? ጮክ በይ፤ እዚህ ቤት መጮኽ ነውር አይደለም።

ላልሰማችሁ ልድገመው። «የኮሪደሩ አምፖል ተቃጥሎ በጨለማ ነው የምንገባው። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼም አልደርስበት። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገዝተህ፣ ገና ስንገባ ቀይረው» ነው የምትለው። ልጄ ደግሞ «አባዬ፣ ቢጫውን እንዳትገዛ፤ ነጩን ነው!» ትላለች።

ሰማችሁ? «ገዝተህ»፣ «ቀይረው»። እባክህ የለበት፤ ካልደከመህ የለበት። ይህን ሁሉ ቁመት ምን ላድርገው ብዬ ስጨነቅ ነው የኖርኩት።

ልመርቃችሁና ልውረድ። አንቱ ከተባልኩ ወዲህ መመረቅ ይፈቀድልኛል መሰለኝ። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። አጥንታችሁ አይሰበር፣ ጅማታችሁ አይዙር፤ መውደቃችሁ ለመነሣት ይሁን። ወጣቶች፣ ከፊታችሁ የሚቆመውን ሰው አክብሩት፤ አክብሮታችሁም ሙሉ አቅማችሁን አለመንፈግ ይሁን። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ዋንጫውን በእጅዎ ያስይዝዎት። አሰልጣኛችን፣ ድምፅህን ያቆይልህ። እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ሁላችሁም ስትደክሙ የምትገቡበት ቤት አያሳጣችሁ፤ ገብታችሁም የሚያዛችሁ አይጥፋ። ነገ ከዛሬ ይሻላችሁ።

ደህና ሁኑ። ሱቁ ሳይዘጋ ልድረስ።